ፀሐይ ልሙቅ

«አትንገራት» አሉ እትዬ እታለም። «ከነገርካት ጥላህ ትሄዳለች። መጀመሪያ ትውለድልህ። ልጅ ከታቀፈች በኋላ የት ትሄዳለች?»

ሸዋገነት ይህን የሰማችው ባለፈው ወር፣ ባሏ አሸብር ለመንገድ በተነሳበት ንጋት ነው። እሷ ከኮምፔርሳቶው ግድግዳ ወዲህ አልጋው ላይ ነበረች፤ ባሏና አማቷ ከወዲያ። ተኝታለች ብለዋል። አሸብር ድምፁን ዝቅ አድርጎ ስለ ኪኒኑ አወራ። ሲወስደው ቆይቶ ነበር። አንድ ቀን የመኪናው ረዳት ብልቃጡን ከወንበር ሥር አግኝቶ «ይኼ የምንድን ነው?» ሲለው የጨጓራ ነው አለና፣ አዋሽን ሲያልፉ በመስኮት ወረወረው። ከዚያ ወዲህ አልወሰደም። «ይኸው ምን ሆንኩ? ጭራሽ ወፍሬያለሁ» አለ። የበሽታውን ስም ሁለቱም አልጠሩትም። ስም የማይጠራለት፣ ከሚስት የሚደበቅ፣ በየቀኑ የሚዋጥ መድኃኒት ምን እንደሆነ ግን ሸዋገነት ማንም ሳይነግራት ገባት። አልተነሳችም። እንደተኛ ሰው ረጅም ረጅም ትንፋሽ እየሳበች ቆየች። አሸብር ገብቶ ፀጉሯን ነካ አደረጋትና «ሸዋ፣ ሄድኩ» አላት። «በሰላም ግባ» አለችው። ዛሬ ሊገባ ነው።

የቀበሌ ቤቱ ከመሳለሚያ ገባ ብሎ፣ ሁለት ሰው ጎን ለጎን በማያሳልፍ መተላለፊያ ውስጥ ነው። አንድ ክፍል ነው፤ በኮምፔርሳቶ ተከፍሎ ሁለት ተብሏል። ኪራዩ በእትዬ እታለም ስም ነው፤ ከዚህ ቤት ውጪ ከተባለች ሸዋገነት የምትገባበት የላትም። አባቷ ቤት የወንድሟ ሚስት ስድስት ልጆች ይዛ ተቀምጣለች። በዚህ ግድግዳ በኩል ሳል ይሰማል፣ ማንኪያ ይሰማል፣ ሰው ጎኑን ሲቀይር ይሰማል። ስለዚህ ቤቱ የራሱ ቃል አበጀ። አሸብር ከመንገድ ገብቶ፣ ታጥቦ፣ በልቶ ሲጨርስ እትዬ እታለም ዱካቸውን ያነሱና «እስቲ ፀሐይ ልሙቅ» ብለው ይወጣሉ። በጋም ክረምትም ቃሉ ያው ነው። በሩን ከውጭ ገርበብ አድርገው መተላለፊያው ላይ ይቀመጣሉ፤ ሰው ከመጣ «ልጄ ደክሞት ጋደም ብሏል» እያሉ ይመልሳሉ። ሸዋገነት አዲስ ሙሽራ ሳለች ይህን ቃል ስትሰማ ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና ትስቅ ነበር። አሁን ስታስበው ጣቶቿ ይቀዘቅዛሉ።

እምቢ ማለትን አታውቅም አይደለም፤ ሞክራዋለች። አምና፣ ስለ ሾፌሮች የሚወራውን ሰምታ የወንዱን ኮንዶም ትራስ ሥር አስቀምጣለት ነበር። አሸብር አንስቶ አየው፤ ከዚያ እሷን አየ። «በገዛ ቤቴ? ሴተኛ አዳሪ ጋ የመጣሁ መሰለሽ?» አለና አንገቷን ይዞ ከግድግዳው ጋር አጣበቃት። ግድግዳው ጮኸ። ከወዲያ እትዬ እታለም አንዴ ሳል አሉና ዝም አሉ። በማግስቱ አሸብር ሻርፕ ገዛላት፤ ጥሩ ሻርፕ፣ የዱባይ። ሰንበሩ እስኪለቅ ድረስ አንገቷን ሸፈነችበት።

ባለፈው ሳምንት፣ የሚያውቃት ሰው ወደማይኖርበት ሰፈር ሁለት ታክሲ ይዛ ሄዳ ጤና ጣቢያ ገባች። ሲስተር ሩታ የምትባል ነርስ ደሟን መርምራ «ኤች አይ ቪ የለብሽም። ከሦስት ወር በኋላ ግን ትደግሚያለሽ» አለቻት። ሸዋገነት አላለቀሰችም፤ አልሳቀችም። ባሏ መድኃኒቱን ጥሎ እንዳቆመ ነገረቻት።

«ይዘሽው ነይ» አለች ሲስተር ሩታ። «ይጀምር። ሳያቋርጥ ከወሰደ እሱም ይኖራል፣ ላንቺም ይበጃል። ልጅም ይወለዳል።»

«አይመጣም።»

«ኮንዶምስ?»

ሸዋገነት እጇን ሳታስበው ወደ አንገቷ ወሰደች። ሲስተር ሩታ ይህን አየችና ሌላ አልጠየቀችም። ተነስታ ከቁም ሳጥኑ ኋላ ካርቶን ጎትታ አወጣች። «ይኼ የሴቶች ኮንዶም ነው። ብዙ ሰው አይጠይቅም፤ ስለዚህ ብዙም አይመጣልን።» አንዱን ከፍታ አሳየቻት። ስስ፣ ወዛም ከረጢት ነው፤ አንድ ጫፉ ድፍን፣ አንድ ጫፉ ክፍት፤ በሁለቱም በኩል ቀለበት አለው። የውስጡን ቀለበት በሁለት ጣት ጨምቀሽ ታስገቢዋለሽ፣ እስከሚሄድበት ድረስ ትገፊዋለሽ፣ የውጭው ቀለበት ውጭ ይቀራል። አንዱ ለአንድ ጊዜ ብቻ። ከወንዱ ጋር አብሮ አይደረግም። «ደግሞ እሱ እስኪመጣ አትጠብቂ፤ ቀደም ብለሽ ማድረግ ትችያለሽ» አለቻት። ከሁሉም ይህችን ሸዋገነት ደጋግማ ያዘቻት።

«ያየዋል?»

«ሊሰማው ይችላል። ሊያየውም ይችላል። ምን እንደምትይው አስቢበት።»

ሦስት ሰጠቻት። ምን እንደምትለው ግን እስከ ዛሬ አላገኘችም።

ዛሬ ጠዋት እትዬ እታለም ቅዳሴ ሲሄዱ ሸዋገነት አንዱን ከፍታ ልትለማመድ ሞከረች። ሁለቱን ቀደም ብላ አንቀልባው ውስጥ ደብቃለች። አንቀልባው አሸብር የታዘለበት ነው፤ ጠርዙ በዛጎል የተሰፋ፣ ቆዳው በዕድሜ የጠቆረ፤ ከእትዬ እታለም አልጋ በላይ በምስማር ተሰቅሎ ይኖራል። ማንም አይነካውም። እትዬ እታለም እፊቷ ልጅ የሚባለውን ነገር በአፋቸው አያነሱም፤ ቀና ብለው አንቀልባውን ያያሉ፣ ከዚያ የሸዋገነትን ወገብ ያያሉ። እሱ በቂያቸው ነው። ሸዋገነት አልጋው ጫፍ ላይ አንድ እግሯን አንስታ ቀለበቱን ጨመቀች። እንደ ሳሙና ከጣቷ አምልጦ ተፈናጥሮ መሬት ወደቀ። አንስታ ልትደግም ስትል የአማቷን ሳል መተላለፊያው ላይ ሰማች። ቅዳሴ አልቋል፣ ወይም አቋርጠው መጥተዋል። እጇ የገባው የምትሸጣቸው የጎማ ቀለበቶች፣ የጎሚኒዎቹ ጣሳ ነው፤ ወርውራበት ክዳኑን ገጠመችው።

እትዬ እታለም ገብተው ነጠላቸውን አጣጥፈው ተቀመጡ። ትናንት ማታ የጣለው የሰኔ ዝናብ ጣሪያውን አልፎ የአልጋቸውን ራስጌ አርሶታል። ቀና ብለው እያዩ ስለ ጣሪያው፣ ስለሚያፈሰው ቆርቆሮ፣ ለአሸብር ስለሚሠራው ሥጋ አወሩ። ሸዋገነት «እሺ እትዬ» እያለች ትመልሳለች፤ ጆሮዋ ግን ጣሳው ላይ ነው። ፊታቸው ልትከፍተው አትችልም። ትታውም አትሄድም፤ እሳቸው ሥራ ፈተው መቀመጥ አያውቁም፣ ዕቃ ይነካካሉ። ጣሳውን ከጄሪካኖቿ ጋር አስራ ወጣች።

ሥራዋ ምናለሽ ተራ ነው። የዘይትና የኬሚካል ጄሪካን አጥባ ትሸጣለች፤ ጎሚኒም ትሸጣለች፣ የክዳን፣ የቧንቧ፣ የፕሬሸር ድስት፣ የጁስ መፍጫ። ምናለሽ ተራ የሚጣል ነገር የለም። ከተማው የጣለው ሁሉ ተለቅሞ፣ ታጥቦ፣ ተቃንቶ እዚህ ይመለሳል። እዚህ ሰው ዕቃ አንስቶ «ይኼ ምንድን ነው?» አይልም፤ «ይኼ ለምን ይሆናል?» ነው የሚለው። ሸዋገነት ሸራዋን አንጥፋ ጄሪካኖቹን ደረደረች። ከጎኗ ጠርሙስ የምትሸጠው ምስራ ቀድማ ገብታለች፤ የወሎ ልጅ ናት፣ አፏ ለተራው ሁሉ ይበቃል፣ ከሸዋገነት ጋር ግን ለስለስ ትላለች። ሸዋገነት ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ጣሳውን በጥቂቱ ስትከፍት ቡርሃን ከኋላዋ ደረሰ። ቡርሃን የጁስ መፍጫ ጠጋኝ ነው። ሁሌ የቸኮለ ነው፣ ሁሌ አንድ ጎሚኒ ይጎድለዋል።

«ሸዋ፣ ያቺን የመፍጫውን ጎሚኒ አምጭልኝ፣ ሰውየው ቆሞብኛል» አለና እሷ እስክትመልስ እጁን ጣሳው ውስጥ ከተተ። ሲያወጣው ከረጢቱ ከእጁ ተንጠልጥሏል። ዘይት እንደነካው ያብረቀርቃል።

«ያ ሰላም! ይኼ ደግሞ የምንድን ነው?»

ሸዋገነት ጣሳውን ወደ ራሷ ሳበች። ቡርሃን ወደ ብርሃን ከፍ አድርጎ አገላበጠው፣ ሳበው፣ እንዳይቀደድ ተደነቀ። የውስጡን ቀለበት አውጥቶ ጣቱ ላይ አዞረው። ከማዶ ብረት የሚያቃኑት ሁለት ሰዎች መዶሻቸውን አቁመው አዩ። አንዱ «የውሃ ማጣሪያ ነው፣ የቻይና» አለ። ሌላው «ኧረ የወተት ነው፣ የላም ጡት ማለቢያው፣ እርሻ ላይ አይቻለሁ» አለ። ቡርሃን አልሰማቸውም። ቀለበቱን በአውራ ጣቱ እየለካ፣ «ለመፍጫው ልክ ነው እኮ፤ ለሰለሰብኝ እንጂ። ስንት ትይኛለሽ? ሌላ አለሽ?» አለ። በዚህ ተራ ነገ አሥር ሰው «ያን የሸዋን ጎሚኒ» ብሎ እንደሚጠይቅ፣ ከነገ ወዲያ አንዱ ነገሩን እንደሚያውቀው፣ ከዚያ የአሸብር ጓደኛ እንደሚሰማ ሸዋገነት ቁጭ ብላ አየችው።

ምስራ ከጠርሙሶቿ መሃል ተነሳች። ከረጢቱንም ቀለበቱንም ከእጁ ቀማችው። «አምጣ ወዲህ! የሴት ዕቃ ነው። ያገኘኸውን ሁሉ ትጎረጉራለህ እንዴ?»

«የሴት ዕቃ መሆኑ የት ተጽፏል?» አለ ቡርሃን።

«ወላሂ አሁን ለሚስትህ ነው የምነግራት! ቡርሃን የሴት ዕቃ መፍጫ ላይ ሊገጥም ተዋዋለ ብዬ!»

ብረት አቃኞቹ ሳቁ። ቡርሃንም ሳቀ፣ ጆሮው ቀላ፣ የራሱን ጎሚኒ ከጣሳው መርጦ ሄደ። መዶሻው ቀጠለ። ምስራ የቀማችውን በጋዜጣ ጠቅልላ መቀነቷ ውስጥ ሸጎጠችው። ከተቀመጠች በኋላ፣ ጠርሙስ እየወለወለች፣ ሳታያት ጠየቀቻት።

«ባልሽ ዛሬ ነው የሚገባው?»

«ማታ።»

«አብሽሪ» አለች ምስራ። ሸዋገነት ቀና ብላ አየቻት፤ ምስራ ጠርሙሱን ታየዋለች። የወሎዋ ልጅ እንዴት ዕቃውን እንዳወቀችው፣ ለየትኛው ሌሊቷ እንደተማረችው ሊጠየቅ የሚችል ነገር አልነበረም።

የአንዋር መስጊድ የቀትር አዛን ሲሰማ ነው ነገሩ ትዝ ያላት። ጠዋት እትዬ እታለም ስለ ጣሪያው ሲያወሩ አንድ ነገር ብለው ነበር፤ እሷ «እሺ እትዬ» ያለችበት። «ያፈሰሰው ምስማሩ ላይ ነው፤ አንቀልባው ሳይበሰብስ አውርጄ ልጥረገው» ነው ያሉት። ሸዋገነት ብድግ አለች። በዚያው ስልኳ ጮኸ። አሸብር ነው፤ ድምፁ ደስ ብሎታል። «ጭነቱን ቶሎ አራገፍን። መሳለሚያ ደርሻለሁ፤ መኪናውን ላስጠጋና መጣሁ። ቤት ነሽ?» «አዎ» አለች። ጄሪካኖቹን ለምስራ ትታ ሮጠች። ተሸካሚ ገፈተረች፣ የተገፈተረው ሰደባት፣ የጭነት አህያ አንገት ሥር ሾልካ አለፈች። ምን እንደምትል እየፈለገች ሮጠች።

እትዬ እታለም አልጋቸው ላይ ተቀምጠዋል። አንቀልባው ጭናቸው ላይ ነው፣ ተጠርጓል፣ ዛጎሎቹ ነጥተዋል። ሁለቱ ፓኬቶች ከላዩ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ፓኬቱ ላይ ሥዕል አለ። እትዬ እታለም ፊደል አያነቡም፤ ነገር ግን የሰፈሩ ጤና ባለሙያ ዕድር ላይ መጥታ እንዲህ ያለውን እያሳየች ስታስተምር ከሴቶቹ ሁሉ ፊት ወንበር ይዘው የሚሰሙ እሳቸው ናቸው። በሩ ላይ ቆማ የምታለከልከውን ሸዋገነትን አዩ።

«ይኼ ምንድን ነው?»

ሸዋገነት የሚሆን ቃል ስትፈልግ ዓይኗ ያረፈው አንቀልባው ላይ ነው። «ሐኪም የሰጠኝ ነው እትዬ» አለች። «ለልጅ። ልጅ እንድይዝ።»

«ልጅ እንድትይዢ» አሉ እትዬ እታለም።

«አዎ።»

አሮጊቷ ፓኬቱን አንስተው ሥዕሉን አዩ፤ ከዚያ ኮምፔርሳቶውን አዩ፣ አምና ሲጮህ የሰሙትን፣ ባለፈው ወር ከወዲያው የተናገሩበትን። ሸዋገነትም ያንኑ አየች። ሁለቱም አንድ ግድግዳ እያዩ ቆዩ። አሮጊቷ አሁን የሚጮሁ፣ ጎረቤት የሚጠሩ፣ ልጃቸው ሲገባ ፓኬቱን እፊቱ የሚዘረግፉ መሰላት። የበሩን ፍሬም ያዘች። ከመተላለፊያው ጫፍ የአሸብር ድምፅ መጣ፤ ከአንዱ ጎረቤት ጋር ሰላም ይባባላል፣ ይስቃል።

እትዬ እታለም አንዱን ፓኬት ዘረጉላት። «ሂጂ፣ ግቢ» አሉ በሹክሹክታ። ሌላውን ሳጥናቸውን ከፍተው ከሥር፣ ከከፈናቸው ጨርቅ በታች ከተቱና ቆለፉት። «እኔ በር ላይ አቆየዋለሁ።»

ሸዋገነት ከኮምፔርሳቶው ወዲህ ሆና ፓኬቱን በጥርሷ ቀደደችው፤ ከዚያ ሲስተር ሩታ በጥርስ አትቅደጂ ማለቷ ትዝ አላትና ከረጢቱን እያገላበጠች መረመረችው። አልተበሳም። ከወዲያ እናትና ልጅ ይሳሳማሉ። «እግርህን ታጠብ መጀመሪያ» ይላሉ እትዬ እታለም፤ ውሃ ይቀዳል፣ ሳፋ ይጎተታል። «ሸዋ የት አለች?» «አለች። ልብስ እየቀየረች ነው። ቆይ፣ ሌላውንም እግር።» ቀለበቱ አንዴ አመለጣት። «እኔ ላጥበው፣ አንተ አታስለቅቀውም።» «ኧረ ተይ እማዬ፣ ምን ሆነሻል ዛሬ?» ሁለተኛ አመለጣት። ዓይኗን ጨፈነች፣ የሲስተር ሩታን ጣቶች አሰበች፣ ጨመቀችው። ገባ። እየገፋች ሳለ ውሃው ሲደፋ ሰማች፣ ከዚያ የአማቷ ድምፅ ዝቅ አለ። ባለፈው ወር «አትንገራት» ያለው ያው ድምፅ ነው፤ በዚያው ግድግዳ አልፎ ነው የመጣው።

«ስማኝ አሸብር። ሐኪም ያደረገላት ነገር አለ።»

«የምን ነገር?»

«የሴት ነገር ነው። ልጅ እንድትይዝ። ቀለበት ይሁን ምን ይሁን፣ ብታይም እንዳላየህ ሁን። እንዳትነካባት። ከነካህባት መካን አደረግካት ማለት ነው፣ ሰማኸኝ?»

«ማን አስመረመራት?» አለ አሸብር። ድምፁ ተቀይሯል። «ሌላስ ምን አሏት? ደም ወስደዋል?»

ሸዋገነት ጆሮዋን ወደ ኮምፔርሳቶው አስጠጋች።

«እኔ ነኝ የወሰድኳት» አሉ እትዬ እታለም። «ማህፀኗን ነው ያዩት። ና ብላ፣ ይቀዘቅዛል።»

በሉ። ሸዋገነት ቀሚሷን ለብሳ ወጥታ ጉንጩን ሳመችው፤ የናፍጣና የሳሙና ሽታ አለው። ስለ መንገዱ፣ ስለ ሙቀቱ፣ ስለ ናፍጣ ሰልፍ አወራ። እሷ ትንሽ ጎርሳ ውሃ ጠጣች። በተቀመጠች ቁጥር የውጭው ቀለበት ይሰማታል፤ ለሁሉም ሰው የሚሰማ ይመስላታል። አሸብር ሲያጎርሳት ዓይኑ እፊቷ ላይ ቆየ። ገምቶ ይሆን? ወይስ ናፍቃው ነው? ሁለቱ ዓይን አንድ ዓይነት ነው፤ ለይታ አታውቅም። ከቆርቆሮው በላይ ሰማዩ ጠቁሯል፤ ቤቱ በቀን አምፖል በርቶበታል።

ሰሐኑ ተነሳ። አሸብር እጁን ታጥቦ ወደ ውስጥ ገባና አልጋው ሲንቋቋ ተሰማ። «ሸዋ» አለ ከወዲያ።

እትዬ እታለም ዱካቸውን አነሱ። ቃሉን ወዲያው አልተናገሩም። አልጋቸው ላይ የቀረውን አንቀልባ አዩት፤ አነሱት። ወደ ምስማሩ ግን አልመለሱትም። ዛጎሎቹ ወደ ውስጥ እንዲሆኑ አድርገው አጠፉት፣ አንዴ በመዳፋቸው ዳሰሱት፣ ፌስታል ውስጥ ከተውት በሩ ሥር ሸዋገነት ወደ ተራ የምትወስደው ዕቃ በሚቀመጥበት ቦታ አኖሩት።

«ነገ ስትሄጂ ያዢው» አሉ። «ዛጎሉን የሚፈልግ አይጠፋም።»

«እትዬ...»

«ያ ሲያልቅ ደግሞ ቦታውን ንገሪኝ። እኔ ሄጄ አመጣለሁ። አሮጊትን ማን ምን ይላል?» ፊቷን አላዩም። ይህን ያሉት ለእሷ ብለው ይሁን ለልጃቸው ምስጢር፣ ሸዋገነት አላወቀችም፤ ለመጠየቅም ጊዜ አልነበረም።

«ሸዋ!» አለ አሸብር እንደገና።

«እስቲ ፀሐይ ልሙቅ» አሉ እትዬ እታለም፣ ወጡም። በሩ ገርበብ አለ። ሸዋገነት መጋረጃውን ገልጣ ገባች። የዱካው እግር ድንጋዩ ላይ ሲቀመጥ ሰማች። ወዲያው አንድ ጠብታ ቆርቆሮውን መታው፣ ሌላ ተከተለ፣ ከዚያ ዝናቡ ጣሪያውን ሞላው። ከወዲያ፣ በእትዬ እታለም ራስጌ ባዶ ምስማር ላይ ውሃ መንጠባጠብ ጀመረ። እሷ ጋደም ብላ፣ ዓይኗን ገልጣ፣ አሮጊቷ ከዝናቡ ይገባሉ ብላ የበሩን ድምፅ ጠበቀች። በሩ አልተከፈተም። አሮጊቷ ውጭ፣ ዝናቡ ላይ ተቀምጠው ለአንድ ሰው «ልጄ ደክሞት ጋደም ብሏል» ሲሉ ተሰማ።